ስሙን ያልለቀቀው መሐንዲስ፦ የአብርሃም ሐኒባል ሕይወት

የምሕንድስና ሥራ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሥራው እንጂ ሠሪው አይደለም። ድልድዩ፣ ቦዩ፣ ምሽጉ ቆሞ ይቀራል፤ የለካውና የነደፈው ሰው ግን ጥቂት ዘመን ቆይቶ ይረሳል። በ18ኛው መቶ ዓመት በሩሲያ የኖረው የጦር መሐንዲስ አብርሃም ፔትሮቪች ሐኒባል ዕጣው ከዚህ የተገላቢጦሽ ሆኗል። ስሙ በብዙ አገር ይታወቃል፤ የሚታወቀው ግን ታላቁ የሩሲያ ባለቅኔ አሌክሳንደር ፑሽኪን ከዘሩ በመወለዱ እንጂ በነደፋቸው ምሽጎችና በመራቸው የቦይ ሥራዎች አይደለም። በሕፃንነቱ ከአገሩ ተነጥቆ ለባርነት የተዳረገው ይህ ሰው በጎልማሳነቱ ወደ ሳይቤሪያ ተግዟል፤ በስተርጅናው ደግሞ ለሙሉ ጄኔራልነት ማዕርግ በቅቷል። በመሆኑም ሕይወቱ አንድ ከባድ ጥያቄ ያነሣል። አገሩን፣ ወላጆቹንና ቋንቋውን የተነጠቀ ሰው ማንነቱን መልሶ የሚያቆመው በምን መሠረት ላይ ነው? የተገፋስ ሰው ሥልጣን ሲያገኝ ሌላውን ከመግፋት ይድናልን?

የተወለደው በ1696 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ስለ ልጅነቱ የሚታወቀው በተለይ ከሁለት ምንጮች ነው። አንደኛው እሱ ራሱ በ1742 ለሩሲያ መንግሥት ያቀረበው ማመልከቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቤተሰቡ ወገን በጀርመንኛ የተጻፈው የሕይወት ታሪኩ ነው። በማመልከቻው ላይ የትውልድ አገሩ አፍሪካ መሆኑን፣ ከታላላቅ ሰዎች ወገን መወለዱን፣ የተወለደባት የአባቱ ከተማ ላጎን እንደምትባልና ከእርሷም ሌላ ሁለት ከተሞች በአባቱ ሥር እንደነበሩ ገልጿል። የጀርመንኛው ጽሑፍ በበኩሉ የትውልድ አገሩን አቢሲኒያ ይለዋል። ልጁ ከቱርኮች እጅ ወድቆ በመርከብ ሲወሰድ፣ ላጋን የምትባለው እኅቱ መርከቡን ተከትላ እየዋኘች ባሕር ውስጥ ሰጥማ መቅረቷን ቤተሰቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተርክ ኖሯል። ትረካው በሰነድ ባይደገፍም፣ ሽማግሌው ሐኒባል ከልጅነቱ ይዞት የዘለቀው ሥዕል ምን ዓይነት እንደነበረ ያመለክታል።

ልጁ ቁስጥንጥንያ ከደረሰ በኋላ ብዙ አልቆየም። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ነገሥታት ግቢ ጥቁር ሕፃናትን ማሳደግ እንደ ጌጥ የሚቆጠርበት ዘመን ነበር። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ጴጥሮስም እንዲህ ያሉ ልጆች እንዲፈለጉለት አዞ ስለነበር፣ በቁስጥንጥንያ የሩሲያ አምባሳደር የነበረው ፒዮትር ቶልስቶይ ሳቫ ራጉዚንስኪ በተባለ ነጋዴ አማካይነት ልጁን በ1704 ወደ ሩሲያ ላከው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1705፣ ቪልና በምትባለው በዛሬዋ ቪልኒዩስ ከተማ ተጠመቀ። የክርስትና አባት የሆነው ንጉሡ ራሱ ነበር። ለልጁ የተሰጠው የክርስትና ስም ጴጥሮስ ቢሆንም፣ በቤተሰቡ ትረካ መሠረት ሕፃኑ እያለቀሰ አዲሱን ስም አልቀበልም በማለቱ፣ ከቱርኮች ዘንድ ይዞት በመጣው ኢብራሂም በሚለው ስም አምሳያ አብርሃም እየተባለ እንዲጠራ ተፈቀደለት። የንጉሡ ስም በአባት ስምነት ብቻ ተጨመረለት። አገሩ፣ እናቱና ቋንቋው ከእጁ ወጥተው ሳለ ያ ልጅ በብርቱ ተሟግቶ ያስቀረው ብቸኛ ንብረቱ ስሙ ነበር ማለት ይቻላል።

አብርሃም በንጉሡ አጠገብ አደገ፤ በዘመቻዎቹም ተከተለው። ጴጥሮስ አገሩን በአዲስ ዕውቀት ለማነጽ የተነሣ ንጉሥ ስለነበር፣ የልጁን የአእምሮ ብሩህነት አይቶ በጌጥነት ብቻ እንዲቀር አልፈለገም። በ1717 ወደ ፈረንሳይ ሲሄድ ይዞት ሄደና ምሕንድስና እንዲማር በዚያው ተወው። አብርሃም በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ገብቶ ከስፔን ጋር በተደረገው ጦርነት ተዋጋ፤ ራሱንም ቆሰለ። ከጦርነቱ በኋላ በመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብቶ ሒሳብን፣ የመድፍ አያያዝንና የምሽግ ሥራን ተማረ። ከዚያ ወደ ሩሲያ የላካቸው ደብዳቤዎች በገንዘብ ችግርና በዕዳ ተይዞ እንደነበረ ያስረዳሉ። የሚያስደንቀው ግን በዚያ ችግር ውስጥ ሆኖ መጽሐፍ መግዛቱን አለማቋረጡ ነው። በ1723 ወደ ሩሲያ ሲመለስ ወደ 400 የሚጠጉ መጻሕፍት ይዞ ነበር።

ያ የተማረው ሙያ በዘመኑ ከፍተኛ ክብር የሚሰጠው ዕውቀት ነበር። በ1707 የሞተው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ቮባን የምሽግ ሥራን በጂኦሜትሪ ላይ የቆመ ሳይንስ አድርጎት አልፏል። መድፍ ከተስፋፋ ወዲህ እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ግንብ ለጠላት ጥይት የተጋለጠ ዒላማ ከመሆን አላለፈም። ስለዚህ ቅጥሩ ዝቅና ሰፋ ብሎ፣ የጥይቱን ምት የሚውጥ አፈር ተሞልቶበት ይሠራ ጀመር። ከቅጥሩ ማዕዘኖችም ወደ ውጭ የተሾሉ ግንባሮች ይወጡ ነበር። የእያንዳንዱ ግንባር ጎን ከጎረቤቱ ግንባር በሚተኮስ ጥይት መሸፈን ስለነበረበት፣ መሐንዲሱ ማዕዘኑንና ርቀቱን ጥቂት እንኳ ቢያሳስት ጠላት የሚጠጋበት፣ ጥይት የማይደርስበት ስፍራ ይፈጠራል። ከዚህም ጋር የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የውኃውን መግቢያና መውጫ፣ የአፈሩን ክብደት ማስላት ግዴታ ነበር። ይህን ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በጊዜው በሩሲያ እጅግ ጥቂት ነበር።

አብርሃም ከተመለሰ በኋላ በንጉሡ ክፍለ ጦር ውስጥ የመኮንንነት ማዕርግ ተሰጥቶት የምሽግ ሥራና የማስተማር ተግባር ተቀበለ። ይሁን እንጂ ጴጥሮስ በ1725 መጀመሪያ ሞተ። አብርሃም አባት ያህል ይመካበት የነበረውን ሰው አጣ። በ1726 ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ ሥራ በሁለት ክፍል ያዘጋጀውን በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ለጴጥሮስ ሚስትና ወራሽ ለቀዳማዊት ካትሪን አበረከተ። እርሷም በ1727 ስትሞት የአገሩ ሥልጣን በልዑል ሜንሺኮቭ እጅ ወደቀ። ሜንሺኮቭ ተቀናቃኞቹን ሁሉ ከዋና ከተማው ሲያጸዳ አብርሃምን አልማረውም። እስራት ወይም ግዞት የሚል ቃል አልተጻፈም፤ የተሰጠው የሥራ ትእዛዝ ነበር። መጀመሪያ የካዛንን ምሽግ እንዲመረምር ታዘዘ፤ ከዚያ ወደ ቶቦልስክ፣ ከዚያም በቻይና ጠረፍ አጠገብ ወዳለችው ሴሌንጊንስክ ተላከ። በዚያ ምሽግ እንዲሠራ ታዘዘ።

ጭቆና ብዙ ጊዜ የሥራ ልብስ ለብሶ የሚመጣ መሆኑን ይህ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ከዋና ከተማው በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ተከልክሎ፣ ለመንግሥት ምሽግ የሚነድፍ መሐንዲስ እስረኛም ነበር፤ ባለሥልጣንም ነበር። የእስር ቤቱ ግድግዳ ርቀቱ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሜንሺኮቭ ራሱ ወድቆ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ፤ እዚያም በ1729 ሞተ። አብርሃም ግን በዚህ አልተፈታም። ይልቁንም በ1729 መጨረሻ ተይዞ ወደ ቶምስክ ተወሰደ። አዲሶቹ ባለሥልጣኖች የጠሉት ማንነቱን ነው፤ ሊያጡት ያልፈለጉት ደግሞ ዕውቀቱን ነው። በ1730 በቶቦልስክ ጦር ሠፈር የሻለቃነት ማዕርግ ከተሰጠው በኋላ፣ የሩሲያን የምሕንድስና ሥራ ይመራ የነበረው ጀርመናዊው ጄኔራል ሚኒሕ ለሙያው ስለፈለገው ከሳይቤሪያ አስመልሶ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ፔርኖቭ ከተማ አዛወረው። እዚያም በመሐንዲስነት እየሠራ ለወጣት የምሕንድስና ተማሪዎች ሒሳብና ንድፍ አስተማረ።

የሕይወቱ እጅግ አሳዛኝ ምዕራፍ የሚከፈተው በዚች ከተማ ነው። በ1731 የአንድ ግሪካዊ የመርከብ አዛዥ ልጅ የሆነችውን ኤቭዶኪያ ዲዮፐርን አገባ። ልጅቱ ሌላ ሰው ትወድ ስለነበር ጋብቻው የተፈጸመው በአባቷ ፈቃድ እንጂ በእርሷ ውዴታ አልነበረም። በፔርኖቭ ትዳሩ ሳይውል ሳያድር ፈረሰ። ሐኒባል ሚስቱን በዝሙትና በመርዝ ሊያስገድሉት ከሞከሩት ጋር በመተባበር ከሰሳት። እርሷ በፍርድ ቤት በሰጠችው ቃል ባሏ ደብድቦና አሠቃይቶ ያልሠራችውን እንድታምን እንዳስገደዳት አመለከተች። ለብዙ ዓመታት በእስር ማቀቀች፤ ክርክሩ ከሃያ ዓመት በላይ ተጓተተ። በመጨረሻ በ1753 ፍቺው ሲጸና ጥፋተኛ ተብላ ወደ ገዳም ተላከች፤ ዕድሜዋንም በዚያ ፈጸመች። ሐኒባል ደግሞ የመጀመሪያው ጋብቻ በሕግ ሳይፈርስ ገና በ1736 ክርስቲና ሬጊና ሾበርግ የምትባለውን ሴት አግብቶ ነበር።

ስለ ሐኒባል የሚጽፉ አድናቂዎች ይህን ምዕራፍ ቶሎ ብለው ያልፉታል። ማለፍ ግን አይገባም። ያለ ፈቃዱ ከቤቱ ተወስዶ የተሰጠ ልጅ፣ ያለ ፈቃዷ የተሰጠችውን ልጅ አገባ። በሥልጣን ትእዛዝ የተጋዘው ሰው የሥልጣንን መንገድ ተከትሎ ሚስቱን አሳሰረ። መከራ በራሱ የፍትሕ አስተማሪ አይደለም። ቁጣውን የሚያወርድበት ደካማ ሲያገኝ የተጨቆነው ሰው የጨቋኙን መሣሪያ ያነሣል። ኤቭዶኪያ የልጅ ልጅ ባለቅኔ አልነበራትም፤ ታሪኳ የተረፈው በክስ መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው።

ሐኒባል በ1733 ከሥራ ተሰናብቶ በኤስቶኒያ በአንዲት አነስተኛ ርስት ላይ ሲኖር ቆየ። ከጥንታዊቷ ካርታጎ የጦር መሪ የተወሰደውን ሐኒባል የሚለውን የቤተሰብ ስም መጠቀም የጀመረውም በእነዚህ ዓመታት ነው። ካርታጎ የአፍሪካ ከተማ፣ ሐኒባልም ሮምን ያንቀጠቀጠ አፍሪካዊ መሪ በመሆኑ፣ ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1741 መጨረሻ የታላቁ ጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ ዙፋኑን ስትይዝ የአባቷን የክርስትና ልጅ አስታወሰች። ሐኒባል በ1742 የሜጀር ጄኔራልነት ማዕርግ ተሰጥቶት የሬቫል፣ ማለት የዛሬዋ ታሊን፣ ዋና አዛዥ ሆነ። ለአሥር ዓመትም በዚህ ሥልጣን ላይ ቆየ።

ከላይ የተጠቀሰውን ማመልከቻ ያቀረበው በዚሁ ዓመት ነው። ማመልከቻው የመሳፍንት ወገንነቱ እንዲታወቅለትና የቤተሰብ ዓርማ እንዲፈቀድለት የሚጠይቅ ነበር። በዓርማው ላይ የአፍሪካ ምልክት የሆነው ዝሆን ከዘውድ ጋር ተስሎ፣ ከሥሩ ፉሞ ተብሎ የሚነበብ በላቲን ፊደል የተጻፈ ቃል ይታያል። ሊቃውንት ስለዚህ ቃል እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከፊሎቹ የላቲን ቃላት አሕጽሮት ነው በማለት ዕጣ ፈንታ ሕይወቱን ጨርሶ መለወጧን የሚናገር ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከልጅነቱ ያልረሳው የእናት አገሩ ቋንቋ ቃል ነው ብለው ያምናሉ። ቃሉ የቱንም ይሁን፣ በሩሲያ ዘውድ ሥር ጄኔራል የሆነው ሰው የማንነቱን መታወቂያ ሲነድፍ የመረጠው የአፍሪካን ዝሆን መሆኑ አያጠራጥርም።

ክብሩ ግን ንጹሕ አልነበረም። ኤልሳቤጥ በፕስኮቭ አውራጃ ሚኻይሎቭስኮዬን የሚጨምር ሰፊ ርስት ስትሰጠው፣ ከመሬቱ ጋር የሚሸጡና የሚለወጡ በመቶ የሚቆጠሩ ገባሮችም አብረው ተሰጥተውታል። በባርነት የተሸጠው ልጅ የሰው ጌታ ሆነ። ሆኖም ከዚህ ጋር መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። በ1740ዎቹ በኤስቶኒያ የነበረውን መሬት ሲያከራይ፣ ተከራዩ ገበሬዎቹን እንዳይገርፍና ከተለመደው በላይ ሥራ እንዳይጭንባቸው በውሉ ላይ አስጽፎ ነበር። ተከራዩ ይህን ሲጥስ ሐኒባል ውሉን አፈረሰ። በዘመኑ ከነበሩት ባለርስቶች እንዲህ ያለ ውል የሚያስጽፍ እምብዛም አይገኝም። ከሚስቱ ታሪክ ጎን ሲቀመጥ ይህ ድርጊት ሰውየውን ጻድቅ አያደርገውም፤ ጅራፍ ምን እንደሆነ ፈጽሞ እንዳልረሳ ግን ይመሰክራል።

ከ1752 ጀምሮ ሐኒባል በምሕንድስናው ዘርፍ በከፍተኛ ኃላፊነት ሠራ። የድንበር ምሽጎችን ሥራ ይቆጣጠር ነበር። በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ የሚገኘው የክሮንሽታት ቦይና የመርከብ መጠገኛ ገንዳ፣ በኋላም የላዶጋ ቦይ በሱ አመራር ሥር ዋሉ። የክሮንሽታት ሥራ በጴጥሮስ ዘመን ተጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ የፈጀ ሲሆን፣ ትላልቅ የጦር መርከቦች ወደ ገንዳው ከገቡ በኋላ ውኃው በራሱ ስበት ዝቅ ወዳለ ማጠራቀሚያ እንዲወርድ ተደርጎ የተነደፈ ነበር። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የላዶጋ ቦይ ደግሞ ጀልባዎች የሐይቁን ማዕበል ሸሽተው እህልና ዕቃ ወደ ዋና ከተማው እንዲያደርሱ የተቆፈረ ነው። ሐኒባል በ1759 ለሙሉ ጄኔራልነት ማዕርግ በቃ። በ1762 ሣልሳዊ ጴጥሮስ ከሥራ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ ከፒተርስበርግ ብዙም በማይርቀው ሱይዳ በሚባለው ርስቱ ኖሮ በ1781 ሞተ፤ ዕድሜው 85 ዓመት ገደማ ነበር።

ከልጆቹ መካከል የበኩር ልጁ ኢቫን በ1770 ከቱርክ ጋር በተደረገው ጦርነት ናቫሪኖን በመያዝ ስመ ጥር የሆነ የባሕር ኃይል መኮንን ሲሆን፣ ከ1778 ጀምሮ የኼርሶን ከተማ ግንባታን መርቷል። አባቱን ከነጠቁት ቱርኮች ጋር ልጁ በጦር ሜዳ መገናኘቱ የታሪክ አጋጣሚ ነው። ሌላው ልጁ ኦሲፕ ናዴዥዳን ወለደ፤ ናዴዥዳም በ1799 አሌክሳንደር ፑሽኪንን ወለደች።

የቅድመ አያቱ የማንነት ጥያቄ ለፑሽኪን የደረሰው በግዞት ላይ ሳለ ነው። ባለቅኔው በግጥሞቹ ምክንያት በ1820 ከዋና ከተማው ተባርሮ ወደ ደቡብ ከተላከ በኋላ፣ በ1824 በባለሥልጣኖች ክትትል ሥር ሆኖ በእናቱ ርስት እንዲቀመጥ ታዘዘ። ያ ርስት ለሐኒባል የተሰጠው ሚኻይሎቭስኮዬ ነበር። ለአንደኛው የክብር ስጦታ የነበረው መሬት ለሌላው እስር ቤት ሆነ። በአካባቢው ከሐኒባል ልጆች አንዱ የሆነው ሽማግሌው ፒዮትር ገና በሕይወት ስለነበር ፑሽኪን ስለ ቅድመ አያቱ ከሱ አፍ ለመስማት ቻለ። በ1825 በታተመው የየቭጌኒ ኦኔጊን የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ስለዚሁ አፍሪካዊ ዘሩ ሰፋ ያለ ማስታወሻ አሠፈረ። በ1827 ደግሞ ታላቁ ጴጥሮስ ስላሳደገው ጥቁር ሰው ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ፤ ሳይጨርሰው ቀረ። በልብ ወለዱ ውስጥ ለጥቁሩ መሐንዲስ ሚስት የሚያጭለት ንጉሡ ራሱ ነው። በእውነቱ ግን ጋብቻው የተፈጸመው ንጉሡ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ነበር። ፑሽኪን የመጀመሪያይቱን ሚስት መከራ ያውቅ ነበር፤ በኋላ በጻፈው የቤተሰብ ማስታወሻም ጠቅሶታል። ልብ ወለዱ ግን እዚያ ሳይደርስ ተቋረጠ።

በ1830 ቡልጋሪን የተባለ ጋዜጠኛ የባለቅኔው ቅድመ አያት በአንድ ጠርሙስ መጠጥ የተገዛ ሰው ነው ብሎ በአሽሙር ሲያላግጥ፣ ፑሽኪን ስለ ዘሩ በጻፈው ግጥም መለሰለት። ያ የተገዛ ሰው የንጉሡ ታማኝ እንጂ ባሪያው እንዳልነበረ፣ ልጁም ቱርኮችን ድል የነሣ ጀግና መሆኑን በኩራት አሳወቀ። ሕፃኑ ለስሙ አልቅሶ የጀመረው ሙግት ከመቶ ሃያ አምስት ዓመት በኋላ በሥነ ጽሑፍ መድረክ ቀጠለ።

ክርክሩ በዚህም አላበቃም። በ1899 ሩሲያዊው ሊቅ ዲሚትሪ አኑቺን ላጎን የተባለችው ስፍራ በሰሜን በሐማሴን ምድር ካለው ሎጎ ጋር አንድ ናት ሲል ጻፈ። ይህ አስተያየት ለረጅም ዘመን ተቀባይነት ስለነበረው ፑሽኪን በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደ ወገን ሲታይ ኖሯል፤ አዲስ አበባም አንድ አደባባይዋን በስሙ ሰይማለች። በ1996 ግን የቤኒን ተወላጅ የሆነው ዲየዶኔ ኛማንኩ ላጎን ከቻድ ሐይቅ በስተ ደቡብ፣ በዛሬው ካሜሩን የምትገኘው ሎጎን ቢርኒ መሆኗን የሚያሳይ ሰፊ ጥናት አቀረበ፤ ብዙ ሊቃውንትም ተቀበሉት። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ሲሰማ አንድ የሚወደው ነገር የተወሰደበት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሐኒባል ራሱ በማመልከቻው ላይ በግልጽ የጠራው አፍሪካን ነው፤ በዓርማው ላይ ያሳረፈውም ዝሆን የአንድ አውራጃ ንብረት አይደለም።

የሐኒባል ሕይወት ሲመዘን ለሙያ ባልደረቦች የሚተርፈው ትምህርት ከአድናቆት የሰፋ ነው። ከሳይቤሪያ ያወጣው፣ ከአምስትና ስድስት መንግሥታት ለውጥ ያሻገረው በትምህርት ያገኘው ዕውቀት ነበር፤ ይህን ማንም ሊወርሰው አልቻለም። ዕውቀቱ ግን ሚስቱን ከመበደል አላገደውም፤ የሰው ጌታ ከመሆንም አላዳነውም። የምሽግን ማዕዘን አስተካክሎ የሚለካ ሰው የራሱን ሥልጣን ወሰን ሳይለካ ሊቀር ይችላል። ያም ሆኖ በውሉ ላይ ጅራፍን የከለከለው እጅና ሚስቱን ያሳሰረው እጅ የአንድ ሰው እጆች ናቸው፤ ማንነቱም በሁለቱ የተሠራ ነው። ያ ሕፃን አልቅሶ ያስቀረው ስም እነሆ ከ300 ዓመት በኋላ ይጠራል። ሲጠራም የኤቭዶኪያ ስም አብሮ ሊጠራ ይገባል።